ቅልጥም የሌለበት ሾርባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። መነጽር ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ሞክረው ሲያበቁ፣ አድርገውት የመጡትን አሮጌውን ወደዱት። ወልውዬ ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ?

ከሰዓት እማዬ ደወለች። ከአባዬ ጋር ከተጋቡ በዚህ ወር አርባ ዓመት ይሞላቸዋል። ድግስ አልፈልግም፣ ስጦታም ይቅርብኝ አለች። «ደህና ምግብ ቤት ፈልጊልኝና ሁላችንም አንድ ላይ ቁጭ ብለን እንብላ። ሁላችንም ነው ያልኩሽ።» የኋለኛውን ጠበቅ አድርጋ ነው ያለችው። ትንሿን እህቴን ማለቷ ነው፣ ገብቶኛል።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። አባዬ ባለ ሥጋ ቤት፣ ታናሽ እህቴ ሥጋ የማትበላ። ያቆመች ሰሞን ሱቁን የዘጋችበት ያህል ነበር የከፋው። በኋላ ለመደው። «ጥንቸሏ መጣች» ይላታል፣ እሷም ትስቃለች። ነገሩን ያበላሸው ሾርባው ነው። አምና ታማ እነ እማዬ ጋ ተኝታ ሳለች፣ አባዬ የአትክልት ሾርባዋ ላይ የአጥንት መረቅ ጨመረበት። ያበረታታል ብሎ። ጠየቀችው። ምንም የለበትም አላት። ሲሻላት ድስቱን ልጠብ ብላ ወጥ ቤት ገብታ አጥንቱን አገኘችው...

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት እህል አትቀምስም። ትመጣለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። እማዬን ውስጥ ውስጡን የሚበላት ይሄ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከባሌ ጋር አንዱን ሞከርን። ሥጋ ደጁን ረግጦ የማያውቅ ቤት። እኔ ወድጄዋለሁ። ባሌ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ በላና አስተናጋጇን «ዋናው ምግብ መቼ ነው የሚመጣው?» አላት። በጠረጴዛ ሥር ረገጥኩት። ጉዱ ግን ከልቡ ነው የጠየቀው።

አባዬን እዚህ ላምጣው? ዕድሜ ልኩን ሥጋ እየቆረጠ ያሳደገንን ሰው፣ በራሱ ቀን ቅጠል ላብላው? ይቀየመኛል። ቢቀየምም አይፈረድበትም።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ትልቁ ጥብስ ቤት። ባለቤቱ የአባዬ ደንበኛ ነው፤ ስሙን ስጠራለት ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። ሥጋ ለማትበላ ምን አላችሁ አልኩት። ሰላጣ አለ። ከሰላጣ ሌላስ? አሰበ... አሰበ... «ትልቅ ሰላጣ» አለኝ።

እየሳቅኩ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ስገባ ሳቁ ጠፋ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ትንሿ ጋ ደወልኩ። ትመጫለሽ? እመጣለሁ። ምን ትበያለሽ? «እትዬ፣ ለእኔ ብላችሁ አትጨነቁ። በልቼ እመጣለሁ።»

በልቼ እመጣለሁ! ለእማዬ ይህን እንዴት ብዬ ልንገራት? አልነገርኳትም።

ደግነቱ ማታ አንድ ቤት አገኘሁ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ንጹሕ፣ ሰፊ፣ ሥጋውም አትክልቱም ያለበት። የአትክልት ሾርባቸው ውስጥ ሥጋ ይገባል ወይ ብዬ አስተናጋጁን ጠየቅኩት። ኧረ በፍጹም አለ። ቀመስኩት፣ ይጣፍጣል። ቦታ አስያዝኩ። ኡፍፍ... ተገላገልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አልተገላገልኩም።

በምሳ ሰዓት አባዬ መነጽር ቤቱ ድረስ መጣ። ኮቱን ለብሶ! ያስያዝሽበት ቤት ውሰጂኝ አለ። ሊያፈርስብኝ ነው አልኩ በልቤ። እዚያ ስንደርስ ምን አዘዘ? የአትክልት ሾርባ። ጆሮዬን ነው ያላመንኩት።

አንድ ጊዜ ቀመሰ። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ቅልጥም አለበት» አለ።

አስተናጋጁ ማለ፣ ተገዘተ። አባዬ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ የሠራውን ሰው ጥራልኝ አለው። ሼፉ እጁን እየጠረገ ወጣ። መጀመሪያ ሊሸፋፍን ሞከረ። ኋላ ላይ፣ ሥጋ እኮ የለበትም ጌታዬ፣ የተፈላበት ውሃ ብቻ ነው፣ እንዲጣፍጥ ብለን ነው፣ ማንም አያውቀውም...

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አባዬ ጭራሽ አንገቱን ደፋ። «እኔም እንደዚሁ ነበር ያልኩት» አለ። ለሼፉ ይሁን ለእኔ እንጃ።

ወጥተን የመንገዱ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጠፈው። ከዚያ፣ «ትኩሳት ይዟት ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ። ሥጋ አለመብላቷ አይደለም እኮ እኔን ያነደደኝ... ተይው፣ አሁን ምን ዋጋ አለው።» አሳዘነኝ። አቅፌው ላለማልቀስ ስለ መኪና አቋቋም አወራሁ። እንደ ጅል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አባዬ ሥራውን ወሰደብኝ። ከሰዓት ሱቁን ለሠራተኛው እየተወ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ይዞራል። ዕድሜውን ሙሉ ያልበላውን ካሮት በዚህ ሳምንት በላው። እማዬ ስልክ ላይ በሹክሹክታ፣ «ጤና ነው ግን?» ትለኛለች። ጤና ነው እማዬ። እንዲህ ጤና ሆኖም አያውቅ።

ዛሬ አንድ ቤት ወሰደኝ። ትንሽ ነች፣ ግድግዳዋ ቀለም ያስፈልገዋል፣ ወንበሮቹ ወንድምና እህት አይመስሉም። የምታበስለዋ ሴትዮ አባዬን ወጥ ቤቷ አስገብታዋለች። የአትክልቱ ድስት ለብቻው ነው። አባዬ ዘይቱን አሸተተና በዚህ ሥጋ ተጠብሶበታል አለ። እሷም አልካደችም፤ ለልጅዎ አዲስ ዘይት በሌላ መጥበሻ አደርጋለሁ አለችው። ዘይቱ እኔ መች ትዝ ብሎኝ!

ለትንሿ ንገሪያት አለኝ። አልነግራትም አልኩ። ራስህ ደውልላት። ፊቱን አዞረ። ይደውል ይሆን? ኩራቱን አውቀዋለሁ... እኔም ከማን ወረስኩትና።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ደወለ!

ትንሿ ናት የነገረችኝ። መጀመሪያ ስለ አየሩ አወራ። ከዚያ ስለ ጉልበቱ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ያኔ ዋሽቼሻለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው እያልኩ ስኖር ራሴንም ዋሽቼ ነበር። ይቅር በይኝ» አላት። እሷስ ምን አለች? እሺ ብቻ ብላ ዘጋችው።

«አባዬ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። ትበያለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። በልቼ እመጣለሁ ግን አላለችም።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ገና አሁን መግባታችን ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

እማዬ በሰማያዊ ቀሚሷ። ሥጋው ለእኛ መጣ፣ ሾርባው ለትንሿ። አስተናጋጇ ውስጡ ያለውን ልታስረዳት ስትጀምር ትንሿ በእጇ ይቅር አለቻት። አባዬ ሳህኑ ላይ አቀርቅሯል፣ ሹካው አይንቀሳቀስም። እማዬ የእኔ መስሏት የባሌን እጅ ይዛለች። ማናችንም አልበላን።

ቀመሰች። ዋጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

አባዬ ቀና አለ፣ ክው ብሏል። «ጨዉን አላየሁትም» አለ። ስንቱን ድስት ከፍቶ፣ ስንቱን ዘይት አሽትቶ፣ ጨዉን ረሳው! መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት፣ እንባዋ እስኪወርድ። አባዬ ከሌላ ጠረጴዛ ጨው አንስቶ ሮጠ ማለት ይቻላል። ትንሿ ሾርባውን ጨረሰችው። ስንለያይም ጉንጩን ሳመችው።

ደስ ብሎኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ትንሿ እነ እማዬ ጋ ምሳ እበላለሁ አለች። በራሷ አፍ!

አባዬ ሰኞ ዕለት ማንንም ሳያማክር አዲስ ድስት ገዝቷል። ክዳኑ ላይ ያለውን ወረቀት እንኳ አልላጠም። የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ የእሷ ነው፣ ማንም እንዳይነካው ብሏል። እማዬ፣ አርባ ዓመት ስንኖር ጭልፋ እንኳ ገዝቶልኝ አያውቅም እያለች ለመቀየም ብትሞክር አልሆነላትም። ቢላዋም አዲስ ገዝቷል።

ስደርስ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ነበሩ። እሷ ድንች ትልጣለች፣ እሱ ካሮት ይከትፋል። መክተፍ ከተባለ... እግሩን አንፈራጦ፣ ቢላዋውን ከትከሻው በላይ አንስቶ፣ ጧ! ግማሹ ካሮት መሬት ላይ ነው። ትንሿ ስታየው ቆየችና እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ ካሮት እኮ አጥንት የለውም።»

ቀስ ብሎ እንዴት እንደሚቆረጥ አሳየችው። አጎንብሶ ያያል፣ እንደ ተማሪ። እማዬ ከጓዳ ሳህኖቹን ይዛ መጣች፣ የሁላችንንም።