የጠፉት ሰባ ገጾች

ኅዳር 4
ኮምፒውተሩ ዛሬም ተንቀራፈፈ። "በቂ ቦታ የለም" ይላል በቀይ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ አባዬ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ያስጽፈኛል። ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ሲቀይስ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የሕይወት ታሪኩን በእኔ ጣት ይጽፋል። ዛሬ አንድ ድልድይ ብቻ። ከግራ ሲታይ... ከቀኝ ሲታይ...
የምሠራበት ማተሚያ ቤት ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ግድግዳ ነው። እሱንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ኅዳር 5
ጻፍኩ። ምሳ። እንደገና ጻፍኩ።

ኅዳር 7
ማሽኑ ሁለቴ ቀጥ አለ። "ሐሳቤን ቆረጠው!" ብሎ ተቆጣ አባዬ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወልኩ። "ጊዜያዊ ፋይሎቹን አጥፊያቸው፣ ዝም ብሎ የተጠራቀመ ኮተት ነው" አለና እንዴት እንደማጠፋ ነገረኝ። ስድስት ጊጋ ኮተት! አንድም ሳላስቀር ጠረግኩት፤ ከኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫትም ጭምር። እንዴት ቀለል እንዳለኝ...

ኅዳር 8
የለም። የአባዬ ጽሑፍ የለም።
ማለቴ አለ፣ ግን ገጽ 112 ላይ ያበቃል። ቀጥሎ ያለው ሰባ ገጽስ?
ጠጋኙ መጥቶ አንድ ሰዓት ታገለ። "ፋይሉን ከየት ነበር የምትከፍቺው?" አለኝ። ሰኔ ላይ ወንድሜ ፊደል አርሞ በኢሜይል ልኮልኝ ነበር። ከኢሜይሉ ላይ እንደከፈትኩት መጻፌን ቀጠልኩ። በየቀኑ "አስቀምጥ" እላለሁ፣ ያስቀምጣል... ለካ የሚያስቀምጠው ጊዜያዊው ፎልደር ውስጥ ኖሯል።
"ተስፋ የለውም፣ እህቴ።"
አባዬ ከጓዳ ሆኖ ማን እንደመጣ ጠየቀ። "ኮምፒውተሩን ሊያይ የመጣ ሰው ነው" አልኩት። ውሸት አይደለም።
እማዬ እኮ ያለችው እዚያ ሰባ ገጽ ውስጥ ነው። የተዋወቁበት ቀን፣ የቅየሳው ድንኳን በነፋስ ሲወድቅ የሳቀችው ሳቅ...

ኅዳር 9
አልነገርኩትም። "ስንት ደረስን?" ሲለኝ "መቶ ሰማንያ አምስት" አልኩ። ፊቴን አለማየቱ ጠቀመኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 12
ነገርኩት። "አባዬ፣ ሰባ ገጽ አጥፍቻለሁ።"
"እናትሽ ያለችበትን?"
"አዎ።"
አለቀስኩ። እንደገና እንጽፈዋለን፣ ጠዋትም ከሰዓትም እጽፋለሁ አልኩት።
"ኧረ በፈጠረሽ! ጉሮሮዬ አለቀ እኮ! ያንን ድልድይ ስንቴ ልግለጸው?"
"ታዲያ ለምን ታስጽፈኛለህ?"
"ሥራ ፈትተሽ አልጋ ላይ ከዋልሽ ትሰበሪብኛለሽ ብዬ ነዋ።"
እኔ ደግሞ ብተወው ይከፋዋል ብዬ... ሁለት ዓመት! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም ሳቀ። ሲበርድልን፣ "የእማዬንስ?" አልኩት።
"እሱን አልደግመውም። አንዴ ተናግሬዋለሁ፣ አንቺም ሰምተሻል።"
ይሄኛው ነው ከውስጤ ያልወጣው።

ኅዳር 26
ፎቶኮፒ ቤት ከተቀጠርኩ አራተኛ ቀኔ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ፣ እግሬ አብጧል። የማላውቀው ሰው ሁሉ ያናግረኛል።
ስመለስ አባዬ ራት ሠርቶ ጠበቀኝ። ድንቹን በዳበሳ ልጦ፣ ሽንኩርቱን አቁላልቶ... ምድጃ እንዳይነካ ስንት ጊዜ ስከለክለው ኖሬ! ጨው ሁለቴ ሳይጨምር አልቀረም።
"እንዴት ነው?" አለኝ።
"ይጣፍጣል።"
እሱም ጎረሰ። ትንሽ አላመጠና፣ "ውሸታም" አለኝ።
የውሃውን ጆግ አቀበልኩት።