ሁለቴ የተነካው በተን

ሰኞ፣ ጠዋት
ትራፊክ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እስክደርስ ነፍሴ ወጣ። መ/ቤት ስገባ ደግሞ ዱብ ዕዳ። ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፉት ጎረቤቴ እትዬ አበባ ከሥራ ታግደዋል። አንዲት አሮጊት መንገደኛ የሚወስዳቸው አጥተው አውሮፕላን አመለጣቸው። የእትዬ አበባ ስልክ ግን «አድርሻለሁ» ይላል። ሥራ የሚታዘዙበትን አፕ የሠራነው እኛ ነን ደብተሬ። እኛ! ዓርብ ይወሰንባቸዋል።

ማክሰኞ፣ ከሥራ በኋላ
እትዬ አበባ ቤት ነበርኩ። የዚያን ቀን ሥራው ሲላክላቸው «ተቀበልኩ» የሚለውን በተን ነኩ፣ ስክሪኑ ዝም አለ፣ ደግመው ነኩ፣ ሥራው ጠፋ። ለሌላ ሰው የተሰጠ መሰላቸው። ጥፋቱ የኔ ነው እያሉ አለቀሱ። አንጀቴን በሉት።
በኔ ስልክ ሞከርኩት። ወይ ጉድ! «ተቀበልኩ» እንደተነካ እዚያው ቦታ ላይ የሚመጣው «አድርሻለሁ» ነው። ስክሪን ሲዘገይ የማይደግም ሰው አለ እንዴ?

ረቡዕ
ለአለቃዬ ለኬቪን ነገርኩት። ሠራተኞቹ ትሬኒንግ ይውሰዱ፣ ይጠንቀቁ አለኝ። ካልሆነም «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ እንጨምር አለ። ማን አንብቦት! ሰው እኮ ሳያይ ነው «አዎ» የሚለው። ጮህኩበት መሰለኝ። ግድ የለም።

ሐሙስ፣ ከሰዓት
እልል በይ ደብተሬ! ዊልቸር ለምኜ መ/ቤት አመጣሁ። እኔ ተቀመጥኩ፣ ሻንጣ ጭኔ ላይ። ኬቪን በአንድ እጁ ይገፋል፣ በሌላው ስልክ ይዟል። ኮሪደሩ መሀል በአፑ ሥራ ላኩለት። ነካ። ዘገየ። ደግሞ ነካ። «አድርሻለሁ»! ሰውየው የትም አላደረሰኝም እኮ! ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ቢሮው በሳቅ ሞተ፣ እሱም ሳቀ።
እዚያው ቆመን ተስማማን። «አድርሻለሁ» ወደ ስክሪኑ ሌላ ጫፍ ይሄዳል፣ ለተሳሳተ ሰው ደግሞ መመለሻ በተን ይኖራል። ጥፋቱ የአፑ እንጂ የሴትዮዋ አይደለም ብሎ ለእትዬ አበባ አሠሪዎች ኬቪን ራሱ ጻፈ።

ዓርብ
እትዬ አበባ ኮል አደረጉልኝ። ወደ ሥራ ተመለሱ! ሰኞ ሺፍት አላቸው። ሊፍት ውስጥ ጨፈርኩ። ሰው አየኝ፣ ይየኝ!
መረቁኝ፣ መረቁኝ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ነገር አነሱ። ባለፈው ሳመር ገነት የምትባል ልጅ በዚሁ ነገር ተባራለች፣ ጀርመንታውን ቤቷ ያለ ሥራ ተቀምጣለች። እሷስ? አሉኝ።
አላወቅኩም ነበር። ትንሽ አመመኝ፣ ከዚያ ጉልበት ሆነኝ። ለኬቪን ነግሬዋለሁ፣ ሰኞ የገነትን ጉዳይ ይዘን አሠሪዎቹ ዘንድ እንገባለን። እስከ ሰኞ ግን ማን ይጠብቃል! ስልክ ቁጥሯን ከእትዬ አበባ ተቀብያለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም እላታለሁ። እየጠራ ነው። አነሳች! ቻው ደብተሬ።