ዘይት የጠጣችው መኪና

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛውን ተደግፈህ ነው? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች? እማዬስ መነጽሯን ማድረግ ጀመረች ወይስ ያስረጀኛል ብላ አሁንም ትራስ ስር ደብቃዋለች? እኔ እናንተን ከማሰብ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ስል ግን እውነቱን ሁሉ አልነገርኩህም። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የምጽፈው ነገር እያሳፈረኝ ነው። ለእማዬ ስታነብላት ሰላምታውን አንብብና መሀሉን ዝለለው፤ አደራህን።

የምሠራው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ድርጅት ጋራዥ ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ። ደህና መንገድ ወደሌለባቸው መንደሮች አዋላጆችን የሚያመላልሱት መኪኖች የሚጠገኑት እኛ ጋ ነው። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠውን፣ በአራቱም ጎማዋ የምትስበውን ነጭ መኪና «ወይዘሮ» ብለን እንጠራታለን፤ ጠዋት ጠዋት ሳትለመን ስለማትነሳ ነው። ሾፌሯ ደግሞ ጋሽ ሹክሹክታ ይባላል። ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም፤ ሲያወራህ ጆሮህን ማስጠጋት አለብህ። ቤቱ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ከእሱ ደመወዝ በቀር ሌላ ገቢ የላቸውም።

ይህቺ ወይዘሮ ዘይት መጠጣት ጀመረች። ሞተሯ ከተቀየረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ከአንድ የዘይት ቅያሪ እስከ ሌላው ድረስ ቢበዛ አንድ ሊትር ቢጎድለው ነው፤ እሷ ግን በየጉዞው ሊትር ሊትሩን ትጨርሰው ገባች። ሹክሹክታ ከዕቃ ግምጃ ቤት ዘይት ያወጣል፣ ይሄዳል፣ ሲመለስ ደግሞ ይጠይቃል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ወደ አለቃችን ወሰደው። ከመኪናዋ ስር አንዲት ጠብታ የለችም፤ ያልፈሰሰ ዘይት ገበያ ካልወጣ የት ገባ አለ። አብራው የምትጓዘው አዋላጅ ተቆጣች። ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ተኝታ፣ አሸዋ መሀል የዘይቱ መብራት ሲበራ፣ ሹክሹክታ ወርዶ የመጨረሻዋን ጣሳ ሲጨምር በዓይኔ አይቼዋለሁ ብላ ተሟገተችለት። የመንገድ ጓደኛው ስለሆንሽ ነው አሏትና ዝም አሰኟት።

አለቃችን ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ንግግራቸው ግን አጭር ነው። «ወይ ሞተሩ ይጠጣዋል፣ ወይ ሰውየው ይሸጠዋል። ሦስት ቀን አለሽ፤ በጽሑፍ አምጪልኝ» አሉ። ሹክሹክታ ያንኑ ሰዓት ቁልፉን አስረከበ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ነው ያስቀመጠው።

ሞተሩን አጥቤ አደረቅሁና ከስሩ ንጹሕ ካርቶን አነጠፍኩ። በማግስቱ ካርቶኑ እንዳለ ነው። የራዲያተሩን ውሃ አየሁ፣ ዘይት የሚባል የለበትም። ስለዚህ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞላሁና መሙያ ክዳኑንና ማፍሰሻ ብሎኑን፣ ማንም ቢነካቸው እንዲታወቅ፣ ቀይ ቀለም ቀባሁባቸው። አለቃችን አጠገቤ ተቀመጡ። በአሸዋውም በኮረብታውም ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ዳገቱን ስንጀምር በመስታወቱ የዘይት መቃጠል ምልክት የሆነውን ሰማያዊ ጭስ አየሁ። እስከ ጫፍ ድረስ አልለቀቀንም። ተመልሰን የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣ ዘይቱ ታችኛው ምልክት ላይ ደርሷል፤ ቀዩ ቀለም ግን አልተነካም። አለቃችን ዘንጉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «እንግዲህ ሰውየው ሌባ አይደለም» አሉ። እፎይ ልል ስል ቀጠሉና፣ «ታዲያ የሁለት ዓመት ሞተር ማን ገደለው?» አሉኝ።

በማግስቱ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታሁ፤ ስድስቱም በዘይት ርሰው ጠቁረዋል። የየሲሊንደሩን ግፊት ለካሁ፤ ሁሉም ወርዷል። በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጌ ደግሜ ስለካ፣ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለደፈነው ግፊቱ ከፍ አለ። ይህ ምን ማለት መሰለህ፣ ፒስተኑን የሚያቅፉት ፋሻ የምንላቸው ቀለበቶች ተበልተዋል፤ ዘይቱ በእነሱ በኩል ሾልኮ እየወጣ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል ማለት ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ይህን ሲሰማ፣ ሌባ ባይሆን እንኳ ሞተር ገዳይ ነው፤ ነዳጅ ሲረግጥበት ኖሮ ፈጀው፣ እንዲህ ያለ ሾፌር ለእኛ አይሆንም አለ። አለቃችን አልተቃወሙትም።

እኔ ግን አልዋጥ አለኝ። በመርገጥ ቢሆን አንዱ ከሌላው ይብስ ነበር፤ እነዚህ ስድስቱም እኩል ነው ያለቁት። እንዲህ እኩል አድርጎ የሚፈጭ አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከፈትኩ። ከማጣሪያው አልፎ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትቼ ጣቴን ሰደድኩ። ጣቴ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ። እዚያ ቦታ አንዲት ቅንጣት መገኘት አልነበረባትም። ማጣሪያውን መልሼ ሳስቀምጠው ከሳጥኑ ጠርዝ የጥፍር ያህል ያንሳል። ለወይዘሮ የተሠራ ማጣሪያ አልነበረም።

ማን እንደገጠመው ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔ ነኝ። ከስድስት ወር በፊት፣ መኪናዋ በር ላይ ቆማ አዋላጇ ጥሩምባ እየነፋች ስታጣድፈኝ፣ ማነሱን አይቼ፣ ለዚህ ጉዞ ይሁንላት፣ ስትመለስ እቀይረዋለሁ ብዬ ክዳኑን ጫንኩበት። ስትመለስ ሌላ የተበላሸ መኪና መጣብኝ፤ ረሳሁት። ወንድም ጋሼ፣ መሬት ላይ የተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ያደረግሁትን ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል። ጨርቅ አነሳሁና የቱቦውን ውስጥ ጠረግሁት። ልኩ የሆነ ማጣሪያ ፈልጌ ገጠምኩ። ጨርቁን ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልኩ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ፣ የፒስተን ቀለበቶቹ በአገልግሎት ብዛት አልቀዋል ብዬ ጻፍኩ። ማለቃቸው እውነት ነው፣ የዋሸሁት ነገር የለም እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ልፈርም ስል ሹክሹክታ ገባ። ብርድ ልብሱንና የውሃ ጀሪካኑን ከመኪናዋ ሊያወጣ ነው የመጣው። እኔ ጋ ጎንበስ ብሎ፣ «አንቺ ባትኖሪ ያቺ መኪና ድሮ አሸዋ ላይ ታስቀረን ነበር። ምንም ቢወስኑብኝ ባንቺ አልቀየምም» አለኝ። ብርድ ልብሱን ብብቱ ስር አድርጎ ወጣ።

ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ጨርቁን ከበርሜሉ አውጥቼ የአለቃችንን ቢሮ አንኳኳሁ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እዚያው ተቀምጧል፤ ይውጣልኝ የምልበት ወኔ አልነበረኝም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና፣ «ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ መጥረጌንም ጭምር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ልኩ ያልሆነውን ማጣሪያ አስመጥቶ የሰጠኝ እሱ ነበር። እኔ ግን አይሆንም ብዬ መመለስ እችል ነበር። አለቃችን ጨርቁን ብዙ አዩት። «መግጠምሽ ስህተት ነው» አሉ። «መጥረግሽ ግን ስህተት አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።» እንደሚያባርሩኝ አልተጠራጠርኩም። ወደ ውጭ ወጥቼ እንድጠብቅ አዘዙኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማስበው አንተን ነበር፤ ይህን ስትሰማ ፊትህ እንዴት ይሆን እያልኩ።

በመጨረሻ ሹክሹክታ ቁልፉ እንዲመለስለት ተወሰነ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሞተሩንም ራሴ ፈትቼ፣ ራሴ እንድመልሰው ታዘዝኩ። ዐሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ቀን ሹክሹክታን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰምቶኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በአጠገቤ ያልፋል፣ ሰላም አይለኝም። ማስጠንቀቂያውን ቻልኩት፤ ይህንን ግን መቻል አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሮጣ ተመለሰች። የዘይት ዘንጉን አወጣሁ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት የጸጉር ያህል ነው የወረደው። ቀና ስል ሹክሹክታ አጠገቤ ቆሟል። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። የማጣሪያውን ሳጥን ራሱ ከፈተና፣ «እንዴት ሲቀመጥ ነው ልክ የሚሆነው? አሳዪኝ» አለ። አሳየሁት። ጣቱን በጠርዙ ዙሪያ ቀስ አድርጎ አዞረ፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ። «ከእንግዲህ ሁለታችንም እናየዋለን» አለ። ክዳኑን በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘን ገጠምነው።

እንግዲህ ልቤ ውስጥ የቆየው ይኸው ነው፤ ቁጣህንም ምክርህንም ጽፈህ ላክልኝ፣ ሁለቱንም እቀበላለሁ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መነጽሩ አያስረጃትም በላት። ባለቤትህን እጅግ አድርጌ ናፍቄያታለሁ፤ ወገብህን ጠዋትና ማታ እንድታሽልህ አዝዣታለሁ። ትልቋን አይዞሽ በላት፣ መንትዮቹን በየተራ፣ አንዱ እንዳያኮርፍ እኩል እኩል ሳማቸው። የግድግዳ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በልልኝ።

ታናሽ እህትህ

ከጋራዡ ግቢ፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 11 ቀን