ትንፋሽ ሳይያዝ

ጥቅምት 6
ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴ። ሰባተኛ ክፍሎችን ገመድ አዘለልኩ። የስፖርት አስተማሪዋ ካልዘለለች አይዘሉም። ጠዋት ሕፃኗን ለአማቴ ትቼ ስወጣ፣ ቱታ ለብሶ መሮጥ ለእናት አያምርም አለችኝ። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ማን ያየኛል?

ጥቅምት 9
አመለጠኝ። ተማሪዎቹ ፊት፣ እየዘለልኩ። ሽንቴ። ግራጫ ቱታ ነበር የለበስኩት... ሁሉም ታየ። አንዷ ልጅ ሹራቧን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ከኋላ ያሉት ሲስቁ ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ።

ጥቅምት 10
ወሬው ቀድሞኝ መምህራን ክፍል ገብቷል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ጠረጴዛውን እያየ፣ "እስኪሻልሽ" መጽሐፍ መጋዘን ትሠሪያለሽ አለ። ክፍሌን ለሒሳብ አስተማሪው ሰጠብኝ፣ ደረጃ ወጥቶ ለሚያለከልክ ሰውዬ። እስኪሻለኝ ማለት እስከ መቼ ነው? አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

ጥቅምት 12
አማቴ ቱታዬን ከመዘፍዘፊያው አውጥታ አሸተተች። እኔ እያየኋት።
"እኛም ወልደናል። ስድስት። አንዲት ጠብታ አልወደቀችብንም። የዛሬ ሴቶች ስንፍናችሁ በታች በኩል ወጣ።"
ባሌ ሰምቷል። ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን እሷን ተያት፣ ሐኪም ቤት ግን ሂጂ አለኝ። የኔ ጀግና...

ጥቅምት 20
ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ቀጭን፣ ቀጥተኛ ሴት ናት። ዳሌ ውስጥ ከታች ፊኛንና ማህፀንን ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች አሉ፣ እርግዝናውና ምጡ ለጥጧቸዋል አለች። ሽንትና ፈስ እንደሚይዝ ሰው ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ መሳብ። አምስት መቁጠር። ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሞከርኩ። ቂጥሽን ነው የጨበጥሽው፣ ትንፋሽሽንም ይዘሻል አለችኝ። አሥር ዓመት ሙሉ የሰው ሰውነት ሳሠራ ኖሬ የራሴን አላውቀውም። ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል አለች። እንደ እኔ ያለ ብዙ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።
"ከሚመጣው የማይመጣው ይበልጣል" አለች።

ኅዳር 3
አስነጠስኩ። አመለጠኝ። ይሄም ሕክምና ተብሎ።

ታኅሣሥ 11
አስነጠስኩ። ደረቅ። ደግሜ አስነጠስኩ... ደረቅ። ለማንም አልነገርኩም። ደግ ነገር የሚነገረው ሰው እዚህ ቤት አለ እንዴ?

ጥር 14
ምክትሉ ቢሮ ገባሁ። ተቀመጪ ሳይለኝ ተቀመጥኩ። ክፍሌን ይመልሱልኝ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ነገር ቆመ?" አለኝ።
"ያ ነገር ስም አለው። ሽንት ይባላል። አንዳንዴ ያመልጠኛል፣ ግን በጣም ቀንሷል። ልጆቹ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው የከረሙት።"
ሰኞ ጀምሪ አለ። ይቅርታ አላለኝም። አልጠበቅኩም።

ጥር 22
ወለሉ ላይ ተኝቼ መልመጃውን ስሠራ አማቴ ገብታ በሩን ዘጋች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። ቆመች። ግድግዳውን እያየች "እንዴት ነው የሚደረገው?" አለች።
ለማን ነው አልኳት።
ለራሷ ነው። ከአራተኛ ልጇ ጀምሮ ያመልጣታል። አውቶቡስ የማትሳፈረው ሁሌ እንደምትለው ስለሚያዞራት አልነበረም። የእህቷን ቀብር የቀረችውም በዚሁ ነው፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ።
"ታዲያ እያወቁት ለምን እንደዚያ አሉኝ?"
"እኔስ ምን የተባልኩ ይመስልሻል?"
ማቀፍ ነበረብኝ? አላቀፍኳትም። ይቅርም አላልኳት። አጠገቤ አስተኛኋት፣ ጉልበቷን አጠፍኩላት። ትንፋሽዎን አይያዙ አልኳት። አምስት ቆጠርኩ። ስትለቅ አለቀሰች። መቁጠሬን አላቆምኩም።