ባለመዘውሩ ቀስት

ለውድ ታናሽ እህቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? የአሪዞና ሙቀት ጠቀመው ወይስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ታማርሪያለሽ? እዚህ ዊስኮንሲን ጤዛው ወደ ውርጭ ተለውጧል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በእግሬ እሄዳለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ቀስት ነው፤ አትሳቂ። በበጋው ትከሻዬ የአባባን የእንጨት ቀስት አልስብም አለ። ልጄ ኦርቪል ይህን ሲያይ፣ «እማዬ፣ እንደ ጠመንጃ ባለሰደፉን ቀስት ያዢ፤ አንዴ ከተወጠረ ራሱ ይይዝልሻል» አለኝ።

«እሱን አሮጊቶች ይያዙት» አልኩት።

«አንቺስ ምንድን ነሽ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የአባባን ደንብ ታውቂያለሽ፦ የአደኑ ወቅት ከመከፈቱ በፊት ድርቆሹ ላይ የተሰካውን የወረቀት ሳህን በሦስት ፍላጻ ያልመታ ሰው የአደን ማማ ላይ አይወጣም። አጋዘን አቁስሎ ከመስደድ ቤት መቀመጥ ይሻላል። ዘንድሮ ቤት ከሚቀመጡት አንዷ ልሆን ነበር፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

በኋላ ኦርቪል ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ገመዱ የሚዞርባቸው መዘውሮች ያሉትን ይህን ቀስት ከሱቅ አመጣልኝ። መጀመሪያ ሳየው የልብስ ስፌት መኪና መሰለኝ። እንጨት የሚባል አልነካውም። ገመዱን የምትይዢው በጣት ሳይሆን የእጅሽ አንጓ ላይ በሚታሰር መንጠቆ ነው፤ የምትለቂውም በትንሽ ቃታ። እኔ እንደ ልማዴ ጣቴን ቃታው ላይ አሳርፌ ስስብ፣ ገና ግማሽ ሳልደርስ ፍላጻው አመለጠና የበረቱ ጣሪያ ላይ ተሰካ።

«እማዬ፣ ጣሪያው ምን አደረገሽ?» አለኝ።

በእንጨት ቀስት ያደገ ጣት ሥራ ፈትቶ መቆየት አያውቅበትም።

ቀጥዬ ስስበው ግን ደነቀኝ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ መዘውሮቹ ሲዞሩ ክብደቱ ድንገት ከክንድሽ ላይ ይወርዳል። ሰው ከኋላ መጥቶ ያገዘሽ ይመስልሻል። በአባባ ቀስት መሳብና መልቀቅ አንድ ነገር ነበር፤ ለማሰብ ፋታ አይሰጥም። ይህኛው ይሰጣል። ሳህኑን በሦስቱም መታሁት። ኦርቪል ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳኝ።

ሐሙስ ጠዋት ማማው ላይ ወጣሁ። ቀንደ ትልቅ አጋዘን ከረግረጉ ወጥቶ ጎኑን ሰጠኝ። ሳብኩ፤ መዘውሮቹ ዞሩ፤ ክንዴ አልተንቀጠቀጠም። አጋዘኑ የረገፈ የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ያኝካል። ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። የአንድ ጆሮው ጫፍ ተቀዷል፤ ቁስሉ ግን ድሮ ድኗል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዱንም እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም። አገጩ ሥር ያለው ነጭ ጠጉር ሲያኝክ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ እንደ ሽማግሌ ጢም።

ፍላጻውን ሳልለቅ ገመዱን ቀስ አድርጌ መለስኩት። ከመሳብ ይልቅ መመለሱ ይከብዳል፤ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ስወርድ ኦርቪል፣ «ምንም አልመጣም?» አለኝ።

«መጣ።»

«ታዲያስ?»

«በላና ሄደ።»

ቀስቱን አየት አድርጎ፣ «ካልተስማማሽ ለሱቁ ልመልሰው?» አለ።

«እንዳትነካው!» አልኩት። «እንዲህ ያለ ቀስት ይዤ አላውቅም። ነገም እወጣለሁ።»

ዘንድሮ የአጋዘን ቋሊማ እንዳትጠብቂ፤ ከገበያ ግዢ። ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅልሽ።

ታላቅ እህትሽ