በአለቃችን ልደት የተሸፈነው ስህተት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሻል? እማዬንስ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ።

ባለፈው በስልክ ያለቀስኩብሽ ነገር እልባት አገኘ። ለክሊኒኮች የሠራነው የቀጠሮ ፕሮግራም ሰዉን ባልሆነ ቀን እየጠራ፣ እናቶች ሕፃን አቅፈው ያለ ክትባት ይመለሱ ነበር። ጣት የተቀሰረው ደግሞ በአዲሷ፣ በእኔ ላይ ነው። አለቃዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ የሙከራ ጊዜሽ እዚያው ያበቃል ብለውኝ ነበር።

መቼም እልኬን ታውቂዋለሽ፤ ኮዱን አንድ በአንድ በረበርኩት። ለካስ ጉዱ ያለው ቀኑን የሚያነበው ክፍል ውስጥ ኖሯል። ክሊኒኮቹ ቀን አስቀድመው ወር ያስከትላሉ፤ ፕሮግራሙ ግን ወር አስቀድሞ ያነባል። የአራተኛውን ወር ሦስተኛ ቀን ሲጽፉለት የሦስተኛውን ወር አራተኛ ቀን ይይዛል። ቀኑ ከአሥራ ሦስት ከበለጠ ግን እንዲህ ያለ ወር ስለሌለ ራሱ ገልብጦ ልክ ያደርገዋል።

ታዲያ ስትሞክሩት እንዴት አላያችሁም ትይኝ ይሆናል። እዚህ መሥሪያ ቤት ሁሉም ነገር የሚሞከረው በአለቃችን የልደት ቀን ነው፤ ልማድ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ደግሞ የተወለዱት በሃያ አምስት ነው፤ በሃያ አምስት ምን ስህተት ይታያል? ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ይዘው፣ እናቴ በሦስት ወልዳኝ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ መከራ አይመጣም ነበር አሉ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

አስተካከልኩት፣ እትዬ። አሁን ቀን የሚነበበው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የሚያሻማ ሲመጣም ፕሮግራሙ በግምት ከማለፍ ይልቅ ይጠይቃል። ለመሞከሪያም የቤታችንን ሰው ሁሉ ልደት አስገባሁበት። ሰኞ ከአንዱ ክሊኒክ ነርስ ደውላ፣ የተጠራው ሁሉ በቀኑ መጣ፣ አንድም ሕፃን ሳይከተብ አልተመለሰም አለችን። አፈ ጮሌ የምንለው፣ መጀመሪያ ጣቱን የቀሰረብኝ ባልደረባዬ፣ እየሮጠ ቡና አመጣልኝ። አለቃዬም ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነሽ አሉኝ። ትዕቢት ነው ካልሽም ይሁን፤ አንድ ቀን እንኳ ልኩራ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባዬን ሬዲዮውን ቀንስ ብላሃለች በይልኝ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ትንሹንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን ደግሞ፣ ምናልባት ተባርራ ከመጣች ብላ እማዬ አንጥፋ ያቆየችልኝ አልጋ ላይ ከዛሬ ጀምሮ ተኚ በያት።

ታናሽ እህትሽ
ከሥራ ቦታዬ፣ መስኮቱ አጠገብ
ጥቅምት ሰባት ቀን