ወደ ውስጥ የሚባል አዎን

ሰኞ፣ ኅዳር 1/2007፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ያንኑ የጃፓንኛ ምዕራፍ አስደገመችኝ። ስሜ እንትን ነው፣ የመጣሁት ከእንትን ነው። እዚሁ ከተማችን ፒያሳ፣ ኢንተርኔት ቤት ማዳመጫ ጭኜ ቁጭ፤ ሴንሴ ከጃፓን በስክሪኑ ታየኛለች። መምህር ማለት ነው ሴንሴ። ገባሽ ወይ ትለኛለች። ገብቶኛል! ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎን እላታለሁ። ፊቷ ቅር ይለዋል። ደግሞ ከመጀመሪያው። ድንጋይ ራስ አደረገችኝ።

በእነሱ አዎን «ሃይ» ነው፤ አውቃለሁ። ግን ማስታወሻዬ፣ አንቺው ፍረጂ። ታላቄን፣ ያውም መምህሬን፣ ፊት ለፊት ሃይ ልበላት? ሃይ የሚባለው የሚረብሽ ልጅ ነው። አፌ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ንድድ ብሎኛል። ለትምህርቱ የሚከፍሉልኝ የኮምቦልቻዋ ወ/ሮ ሙሉ ናቸው። የፋብሪካ ማሽን ሊተክሉ የመጡ ጃፓኖች የእንግዳ ማረፊያቸውን ሞልተውታል፤ የሚያናግራቸው የለም። ሴንሴ አልፋለች ካለች እዚያ እቀጠራለሁ። ካላለች ዓረብ አገር። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠች ሌላ ምን አለ ይላሉ አክስቴ። የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ ከተመለሰች ወዲህ ሰው አታናግርም። ያን አያነሱም።

እራት ላይ ዓረብ አገር ስለሚልከው ደላላ አወሩ፣ አወሩ። እህ፣ እንዴት ነው አሉኝ። አንገቴን እንደደፋሁ ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። እየሰማሁ ነው፣ ለማለት።

እሑድ፣ ኅዳር 7

በታክሲ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሴንሴ ለአንዱ እንግዳ ደውላ ነግራዋለች፤ እሱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለወ/ሮ ሙሉ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ስጠይቃት ትጨነቃለች፣ አየር ስባ ዝም ትላለች፣ ለማሳለፍ ይከብደኛል ብላ።

ወ/ሮ ሙሉ አገጬን ቀና አድርገው፣ እስቲ እንዴት ነው የምትስቢው አሉኝ። አፈርኩ። ሳብኩ። ወንበር እስኪደገፉ ሳቁብኝ።

«አንቺ ሞኝ፣ እነዚህ ሰዎች አየር ከሳቡ አይሆንም ማለታቸው እኮ ነው። ሚጥሚጣ ልጨምርላችሁ ስላቸው በጥርሳቸው እስስስ ይላሉ። አንድም ቀን የጨመረ የለም። አብሽሪ፣ በአፍሽ መልሺላት።»

አብሽሪ! ይህን ሁሉ ጊዜ አዎን ስል አይሆንም እያልኩ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እስኪጨርስ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ። ማን ላይ እንደምናደድ እንኳ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሃይ አልኳት። መጀመሪያ ለራሴ። ቀጥሎ ኢንተርኔት ቤቱ ሁሉ እስኪዞር። ሴንሴ አጨበጨበች፤ አዲስ ምዕራፍ ከፈተች። እየሳቅኩ ቤት ገባሁ።

አክስቴ፣ ነገ ለፓስፖርት ፎቶ ትነሻለሽ አሉኝ። ማን እሺ አለ አልኩ፣ ድምፄ እንደ ክር ቀጥኖ።

«አንቺው ነሻ! ሐሙስ ስጠይቅሽ አዎን አላልሽም? ለሰውዬው ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ያቺ ትንፋሽ። ጃፓን ያለችው ሴት እምቢታ ነው ብላ ያዘነችባት፣ ያሳደጉኝ አክስቴ እሺታ ነው ብለው ለደላላ ሰጧት። ለሁለቱም በቃል ያልኩት ነገር የለም። ሁሉም ከትንፋሼ የፈለገውን ይሰማል፤ አፌን የጠየቀ የለም። እኔም ዘግቼው ኖርኩ። ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ።

ረቡዕ፣ ጠዋት

አክስቴ ሻሻቸውን አስረዋል። ፎቶ ቤቱ ሰው ሳይበዛበት ይላሉ። አልሄድም እላቸዋለሁ። በአፌ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ቢመቱኝም፣ ባለጌ ቢሉኝም። ከዚያ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ሴንሴ።

እየጠሩኝ ነው። ሰማሽ ወይ ይላሉ ከበር።

ትንፋሼን ይዤ ልወጣ ነው።